ዜሮ የጻፍኩለት ሰፈር

ጥር 19፣ ሰኞ

ዛሬም ሲቪ ፕሪንት ማድረግ። አምስት ኮፒ። ፕሪንት የምታደርግልኝ ልጅ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ፋይሉን ከፈተችው፤ «ሮዳስ ስታትስቲክስ» ብላ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣዋለች። ይሄን ያህል ጊዜ ሄጃለሁ ማለት ነው...

ከዚያ ታክሲ ሰልፍ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር።

«ሮዳስ ነሽ? ከወረዳ ነው። ያመለከትሽው ሥራ ደርሶሻል፤ ረቡዕ ለሥልጠና ነይ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ ሳላውቅ። ስንት ቦታ እንዳመለከትኩ እኔም ረስቼዋለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ የካምፑ ነገር።

እኛ የምንኖረው ከወታደር መኪና ጥገና ካምፑ ግንብ ጀርባ ነው። ለዚህ ነው ሰፈራችን ጀርባ ሰፈር የሚባለው። ካምፑ ኅዳር ላይ ተነቅሎ ከከተማ ውጭ ሄዷል። አሁን ግንቡ ብቻ ቆሟል። መንግሥት ካምፑ ሲሄድ ገቢያቸው ለተቋረጠ ሰዎች ድጋፍ አዘጋጅቷል፤ ሥልጠና፣ መሥሪያ ሼድ፣ ማሽን። ማን ምን እንደቀረበት ቤት ለቤት ዞሮ የሚመዘግብ ሰው ፈለጉ። ያ ሰው እኔ ነኝ! የሁለት ወር ኮንትራት። ይሁን። ሁለት ወር ከምንም ይሻላል።

እማዬ እጇ ሳፋ ውስጥ ነበር ስነግራት።

«መንግሥት ቤት ገባሽ?»

«ኮንትራት ነው እማ።»

«መንግሥት ቤት ነው አይደል?»

«ነው።»

እልል ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። «እስኪረጋገጥ ዝም እንበል» አለች። አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል። ከመሳቅ ግን አልከለከላትም።


ጥር 21፣ ረቡዕ

ሥልጠና። አሥራ ሁለት ነን። ነጅላም አለች! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረችው ነጅላ። «አቦ አንቺም እዚሁ?» ተባብለን ተቃቀፍን።

ታብሌት ሰጡን። አስተባባሪያችን አቶ ወንድዬ ይባላሉ። ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ኪስ በእስክሪብቶ የተሞላ። አንድ ነገር አሥር ጊዜ ደጋገሙ፦ «ጠያቂ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጥያቄውን እንዳለ ማንበብ፣ መልሱን እንዳለ መመዝገብ። ጨረስን።»

ወደድኳቸው። አራት ዓመት የተማርኩት ይሄንኑ አይደል? መረጃ ንጹሕ ይሁን።

እኔ ጀርባ ሰፈር ደረሰኝ። የራሴን ቤት ግን ራሴ መመዝገብ አይፈቀድልኝም። እሱን ነጅላ ትመዘግባለች።


ጥር 26፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀን። ባጅ አንገቴ ላይ። እማዬ ባጁን ሦስት ጊዜ አስተካከለችው።

መጀመሪያ የገባሁት እትዬ አቻምየለሽ ጋ ነው። ስወለድ ውሃ ያሞቁት እሳቸው ናቸው ይባላል። ግቢያቸው ውስጥ ገመድ ሙሉ ልብስ። ድምፄን አስተካክዬ አነበብኩ፦ «ከወታደራዊ ተቋሙ ጋር የሥራ ግንኙነት አለዎት ወይም ነበረዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«የምን ተቋም?»

«ካምፑ።»

«ካምፕ አለ እንዴ?»

ግንቡ ከኋላቸው ነው። ጥላው ሳፋቸው ላይ ወድቋል። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ግን ጠያቂ አይጨምርም...

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የቤት እመቤት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ቀጣይ ቤት፣ ያው። ከዚያም ቀጥሎ ያው። «ካምፕ? አላውቅም።» «እኛ ምን አገናኝቶን።» «ግንቡን አየዋለሁ፣ ሌላ አላውቅም።» በአንድ ቀን አሥራ ስምንት ቤት ጨረስኩ። ነጅላ ዘጠኝ ብቻ።

አልገረመኝም። ትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ የእናት ሥራ የሚለው ላይ እኔም ሁልጊዜ «የቤት እመቤት» ነበር የምጽፈው። እማዬ እንደዚያ ብላኝ። ጠዋት ጠዋት ጥቅል ተሸክማ የት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ግን የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲህ ነው ያደግነው።


ጥር 28፣ ረቡዕ

ነጅላ እኛ ቤት ገባች። እማዬ ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም። ደንቡ ነው። ከሩቅ ግን ነጅላ ትከሻዋን ስትነቀንቅ አየኋት።


የካቲት 3፣ ሰኞ

አስገባሁ። ስድሳ ሦስት ቤት፣ አንድም ባዶ ሳጥን የለም፣ አንድም ስህተት ሲስተሙ አላወጣብኝም። ከአሥራ ሁለታችን አንደኛ። አቶ ወንድዬ በሰው ፊት «እንደዚህ ነው የሚሠራ» አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ በእግሬ ነው የሄድኩት። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። እግሬ ራሱ ይሮጣል። አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ እንደኔ ዓይነት ሰው ለማን ይጠቅማል ስል ነበር... ይጠቅማል። ይጠቅማል!


የካቲት 14፣ ዓርብ

የተጠቃሚዎች ዝርዝር ወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

አራት ሰፈር። ለሦስቱ ስም በስም። ለጀርባ ሰፈር አንድ መስመር ብቻ፦ «የተመዘገበ ተጎጂ የለም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲስተሙ ይሆን የተሳሳተ? አልተሳሳተም። የእኔ ስድሳ ሦስት ቤቶች ናቸው። የእኔ ንጹሕ መረጃ።

ስመለስ ሴቶቹ ቦኖ ውሃው ጋ ቆመዋል። ወሬው ቀድሞኛል። እትዬ አቻምየለሽ ጄሪካናቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽን?»

«ያላችሁኝን።»

«ያልንሽንማ የሩቅ ሰውም ይጽፈዋል። አንቺ የት ነው ያደግሽው?»

 


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዜሮ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።


የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ጠዋት ሳይከፈት ወረዳው በር ላይ ነበርኩ።

አቶ ወንድዬ ታብሌቱን መልሰው መክፈት እንደማይችሉ ነገሩኝ። የቅሬታ ጊዜ ግን አለ፤ እስከ የካቲት 24። ሴቶቹ ራሳቸው ቅሬታ ካስገቡና ማስረጃ ካቀረቡ ኮሚቴው ያያል።

«ምን ዓይነት ማስረጃ?»

«ከተቋሙ ደብዳቤ። እሱ ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል። ካልሆነ እዚያ የሠራ የሰው ምስክር። በኃላፊነት የሠራ።»

«መግቢያ ካርድ ነበራቸው።»

«የት አለ?»

የትም የለም። ካምፑ የሄደ ቀን ወታደሮቹ ሁሉንም በር ላይ ሰብስበውታል።

 አቶ ወንድዬ እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። «አይጨምርም አይቀንስም ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ጥያቄውን እንዴት እንደሚሰሙት አላሰብኩም። ሂጂ፣ ሰባት ቀን አለሽ።»

ሰባት ቀን። በሰባት ቀን ብዙ ይሠራል!


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ያለ ታብሌት ሄድኩ። በደብተር። ባጄን አውልቄ። ጥያቄውንም ጣልኩት። «ጠዋት ተነስታችሁ የት ነበር የምትሄዱት?» ብቻ አልኳቸው።

አሁን ማን ያስቁማቸው። ልብስ አጣቢዎች፣ ቁልፍና ኪስ የሚሰፉ፣ ዳቦ የሚያስገቡ። ዘይት የነካው ቱታ በምን እንደሚለቅ፣ የመኮንን ሸሚዝ አንገትጌ እንዴት እንደሚታጠፍ... አርባ አንድ ሴቶች። አርባ አንድ! ከስድሳ ሦስት ቤት። እኔ ደግሞ ዜሮ።

እማዬን ማታ እራት ላይ ጠየቅኳት፦ ለምን ካዳችሁ?

«ድሮ ነው። አንዷ ቦኖ ጋ ቆማ ዛሬ ስንት መኪና እንደገባ አወራች። ክፋት የላትም፣ ወሬ ነው። በማግስቱ ካርዷን ቀሟት። ሁለት ልጅ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ካምፕ የሚለውን ቃል ከአፋችን አወጣነው።»

«ካምፑ ሄዶ እንኳ?»

«ልማድ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል እንዴ? ደግሞ አንገትሽ ላይ ባጅ አድርገሽ ነው የመጣሽው።»


የካቲት 20፣ ሐሙስ

ለነጅላ ነገርኳት። ጥፍሯን ስትነክስ ቆየችና «አባቴ አለ» አለች።

እንዴት ረሳሁት? አባቷ ሃምሳ አለቃ ሸኪብ የካምፑ በር ጠባቂ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ነጅላ «ግን ተስፋ አታድርጊ፣ እናቴ እንኳ እዚያ ምን እንዳየ ሰምታ አታውቅም» አለችኝ።

ሄድን። የዶሮ ቤት እየጠገኑ ነበር። ሻይ አስመጡልኝ፣ ስለ እማዬ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ መረቁኝ። ከዚያ ጉዳዩን ነገርኳቸው። መዶሻውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ያየሁትን ለማንም አልናገርም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሴቶቹ ግን...»

«ቃል ነው።»

ሌላ ምንም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ነጅላ በር ድረስ ሸኝታኝ «ነግሬሽ ነበር» አለች። ግን እሷም ፊቷ ወድቋል።


የካቲት 21፣ ዓርብ

የቅሬታ ፎርሞቹን ስሞላ ዋልኩ። አርባ አንድ ፎርም። የምስክር ስም የሚለው ቦታ ባዶ።

ደህና፣ ሰውዬው ልክ ናቸው። ቃል ሰጥተዋል። እኔ ደግሞ ስለ ካምፑ ውስጥ ምን ቸገረኝ? ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም... ወይስ ጠየቅኩ? ምን ብዬ ነበር ያልኳቸው? «ካምፑ ውስጥ ይሠሩ እንደነበር ይመስክሩልን።» ውስጥ። ውስጥ አልኩ!

ሃምሳ አለቃ የቆሙት የት ነው? በሩ ላይ። በሩ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ታክሲ ተሳፋሪ ያየዋል።

ኧረ ነገ እስኪነጋ እንዴት ልጠብቅ።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ዛሬ ጀመረ። የእኛም ጾም፣ የእነሱም ጾም። ሻይ የለም፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ቶሎ ገባን።

«ሃምሳ አለቃ፣ ስለ ውስጥ አልጠይቅዎትም። ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅም አልፈልግም። በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ማን መጣ? ይሄን ብቻ።»

ነጅላ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ እንደነበር ጫማዋ ያሳብቃል።

«መንገዱንማ ማንም ያያል» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም ያያል።»

«እሺ። ግን በስም ብትጠይቁኝ አልችልም። ካርዱ ላይ ቁጥር ነው ያለው። ፊታቸውንም በደንብ አላውቀውም፤ ጥቅሉ ጎንበስ ያደርጋቸዋል። እኔ የማውቀው አረማመዳቸውን ነው። ከሩቅ በአረማመድ ለይቼ ነበር በሩን የማስከፍተው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ተሸክመው ይምጡ።»

እዚያው እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። «ተይ፣ ተይ፣ ጾም ላይ ነን» እያሉ ሳቁ። ለካ ይስቃሉ።


የካቲት 24፣ ሰኞ

አርባ አንዱም ፎርም ገባ። የምስክር ስም፦ ሃምሳ አለቃ ሸኪብ። መዝገብ ቤቷ ማኅተም ስትመታ አብሬ ቆጠርኩ። ነገ ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል።

እትዬ አቻምየለሽ ሰፈሩን ዞረው አስጠንቅቀዋል፦ «ማንም በባዶ እጅ እንዳትመጣ። አንሶላሽን እሰሪ፣ ሞልተሽ እሰሪ። በጥጥ የምትሞላ ግን ወዮላት።»


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ይሄንን ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ። አንድም ነገር መርሳት አልፈልግም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ምስክሩ ይግባ አሉ። ሃምሳ አለቃ ሸኪብ ኮትና ክራቫት አድርገው ገቡ።

«አርባ አንዱን ሴቶች ያውቋቸዋል?»

«እዚህ ተቀምጬ አላውቅም። ግቢው ውስጥ፣ በሩ ጋ ከሆነ አውቃለሁ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ አቶ ወንድዬን አዩአቸው። አቶ ወንድዬ እኔን። እኔ በሩን። አቶ ወንድዬ «ግቢው ፀሐይ ነው፣ ግን ይቻላል» አሉ። ኮሚቴው ወንበሩን ይዞ ወጣ።

ሴቶቹ መንገዱ ላይ ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ጥቅል አዝለው። ለጉዳይ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር «ለቃሊቲ ነው ሰልፉ?» አለ። እትዬ አቻምየለሽ «አንተን ለማጠብ ነው፣ ተሰለፍ» አሉት።

ሃምሳ አለቃ የወረዳው በር ጎን ቆሙ። እግራቸውን ገጠሙ። ክራቫታቸው ብቻ ሲቪል ነው፣ ሌላው ወታደር። «ይምጡ» አሉ።

የመጀመሪያዋ መጣች። ሃያ እርምጃ ሲቀራት፦

«አሥራ አንድ። ማክሰኞና ዓርብ።»

ሴትየዋ ቆመች። «አዎ» አለች። አለቀሰች። ቀጣይ።

«ሠላሳ አራት። ይቺ ዳቦ ናት፣ ልብስ አይደለችም። ዛሬ ለምን ልብስ ተሸከመች?»

«ዳቦ ቢቀዘቅዝብኝ ምን ላድርግ» አለች። ግቢው በሳቅ።

«ሃያ ሁለት። ቀኝ እግሯን ነበር የምታነክሰው፣ አሁን ግራ ሆኗል።»

«ቀኙን አሳክሜው ነው ሃምሳ አለቃ!»

እንዲህ እያለ። እኔ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ፎርሙ ላይ የጻፉት ቁጥርና እሳቸው የሚሉት አንድም ቦታ አልተፋለሰም። አንድም!

መሃል ላይ አንዲት ሴት መጣች፣ ትልቅ ጥቅል፣ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች። ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን አዘነበሉ። ዝርዝሩን አየሁ፤ ማን ናት?

«ይቺ በበሬ አልገባችም» አሉ። «አሸካከሟም የተሸካሚ አይደለም። ወገቧ ሳይሆን አንገቷ ነው የሚጎተተው።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ጸሐፊ ናት» አሉ። «ልፈትንዎት ብዬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጸሐፊዋ ጥቅሉን ጣለችው። «አይ ከብዶኝ ሞቼ ነበር» ብላ ወገቧን ያዘች። እትዬ አቻምየለሽ ሄደው ከጥቅሉ የፈሰሰውን የሳሙና ዱቄት ከትከሻዋ አራገፉላት። «አይዞሽ፣ እኛ ሃያ ዓመት ነው የለመድነው» አሏት።

ከዚያ እማዬ መጣች። እማዬን እንደዚህ ከፊት ለፊት ስትመጣ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ከቤት ስትወጣ ጀርባዋን ነበር የማየው። አጭር አጭር እርምጃ፣ ፈጣን።

«ሦስት» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ዝናብ ሲጥል ላስቲኳን ለጥቅሉ አልብሳ ራሷ በስብሳ የምትመጣ።»

ምልክት ማድረግ ረሳሁ። አቶ ወንድዬ በቀስታ ብዕሩን ወስደው አደረጉልኝ።

አርባ አንድ ከአርባ አንድ።


የካቲት 28፣ ዓርብ

ጸደቀ! ሁሉም! ልብስ አጣቢዎቹና ሰፊዎቹ የላውንደሪ ሼድ፣ ዳቦዎቹ ደግሞ መጋገሪያ። ማሽን፣ ሥልጠና፣ የሦስት ወር መቋቋሚያ። ሰሌዳው ላይ ስም በስም። እትዬ አቻምየለሽ ማንበብ ስለማይችሉ የራሳቸውን ስም በጣታቸው አስነካኋቸው።

ሌላም አለ። አቶ ወንድዬ ጠሩኝ። ክፍለ ከተማው ሌሎች ካምፕ የተነሳባቸው ሰፈሮችንም ሊመዘግብ ነው፤ ጥያቄዎቹን እንደገና የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። የአንድ ዓመት ኮንትራት። ለእኔ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

«ግን» አሉ። ከዚያች ቃል በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ የመንግሥት ደመወዝተኛ ካለ ያ ቤተሰብ በድጋፉ አይታቀፍም። ሁለት ወር አይቆጠርም ነበር። አንድ ዓመት ግን ይቆጠራል። እኔ ከፈረምኩ እማዬ ትወጣለች።

«እስከ ሰኞ አስቢበት።»


የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። ሳታስብ መለሰች። «ፈርሚ። እኔ ስሜን አስወጣለሁ።»

«አታስወጪም።»

«በእጅ ማጠብ እችላለሁ። ተምረሽ ቤት እንድትቀመጪ ነው ያስተማርኩሽ?»

«እኔም ተሸክመሽ እንድትኖሪ አይደለም የተማርኩት።»

ተጣላን። ከስንት ጊዜ በኋላ። እሷ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ወረዳ ዝግ ነው ዛሬ፤ እሱን ሳታስብ ነው የሄደችው። እትዬ አቻምየለሽ መንገድ ላይ አግኝተው ይዘዋት ተመለሱ።

«ሰምቼሻለሁ» አሏት በር ላይ ቆመው። «አርባ አንድ ሆነን በዚያ ፀሐይ ተሰልፈን፣ አርባ ሆነን አንገባም። ሌላ ዘዴ ፈልጉ። ልጅሽ የተማረች ናት ስትይ አልነበር?»


መጋቢት 1፣ ሰኞ

ዘዴው ቀላል ነው። እንዴት ሁለት ቀን ፈጀብኝ?

«አቶ ወንድዬ፣ ለብቻዬ ቤት ብከራይስ? የራሴ መዝገብ ቢኖረኝ?»

«በእውነት ከኖርሽ ሌላ ቤተሰብ ነሽ። መሸኛ ታወጪያለሽ፣ በሄድሽበት መታወቂያ ታወጪያለሽ። በወረቀት ብቻ ከሆነ ግን እኔ ራሴ መጥቼ አንኳኳለሁ።»

«ይምጡ። ሻይ አፈላለሁ።»

ፈረምኩ። ቀኑን ስጽፍ አንዴ ተሳስቼ ሰረዝኩት። ደስታ ነው፣ ሌላ አይደለም... ሌላም አለ መሰለኝ።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

እማዬ፦ «ሳታገቢ? ከእናትሽ ቤት ወጥተሽ? ሰው ምን ይላል?»

እኔ፦ «ሥራ ይዛ ወጣች ይላል።»

እማዬ፦ «ማን ያበስልልሻል?»

እኔ፦ «እኔ።»

እማዬ፦ «ልራብ ነው በይኛ።»

ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም። ከዚያ ብርድ ልብስ ታጥፍልኝ ጀመር። ሁለቱን ጥሩዎቹን።


መጋቢት 8፣ ሰኞ

መሸኛ ወጣ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ያከራየችኝ የነጅላ የግድግዳ ጎረቤት የሆነች አስተማሪ ዘመድ ናት። ነጅላ ፍራሹን ይዛ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ «አባቴን ጥሪው፣ እንዴት እንደምሸከም ይመስክር» አለች። እስኪያመን ሳቅን።

መስኮቱ ሰፊ ነው። ደረጃው ብዙ ነው። የኔ ነው።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አቶ ወንድዬ እውነትም መጥተው አንኳኩ። ምንም ሳይናገሩ ምጣዴን፣ ፍራሼን፣ የተሰቀለውን ልብሴን አዩ። ሻይ ጠጡ። «ስኳር አብዝተሻል» ብለው ሄዱ።

አዲሱ ጥያቄ ላይ እየሠራሁ ነው። አሥራ አንደኛው ረቂቅ። ለሰው ስታነብቢው የማያስደነግጥ መሆን አለበት። መጀመሪያ ለእትዬ አቻምየለሽ አነባለሁ። እሳቸው ከመለሱልኝ ማንም ይመልሳል።


ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሼዱ በፋሲካ ማግስት ተከፍቷል። ስድስት ማሽን። እኔ ሦስት ቀን መስክ ላይ ነበርኩ፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ግንብ። ሁለት መቶ አሥር ቤት፤ እየመለሱልኝ ነው፣ እያወሩልኝ ነው፣ አንዳንዴ ለመውጣት እስኪቸግረኝ። ድምፄ ተዘግቷል።

ዛሬ ጠዋት ልብሴን መስኮቱ ላይ እያሰጣሁ እማዬ ደወለች። ከኋላዋ የማሽን ጩኸት።

«ሮዲ፣ ይሄ ነገር ይዞራል።»

«ይዙር እማ። እያጠበ ነው።»

«ቆሜ እያየሁት ነው።»

«ስንት ሰዓት ቆመሽ?»

«ካስገባሁት ጀምሮ።»

ጩኸቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ቆመ» አለች።

«ውሃውን እየቀየረ ነው። ገና ሃያ ደቂቃ አለው።»

«ታዲያ እኔ እስከዚያ ምን ልሥራ?»

«ተቀመጪ።»

ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተጭኜ ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።